የተካ ሁለት ሰዓቶች

ሰኞ

ተካ አልተሳሳተም። አውቄ ነው ጥፋቱን በእሱ ላይ የጣልኩት። ይህን በወረቀት ላይ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ነው። ለሟች ባለቤቴ ለአበበች እንኳ ሳልነግራት ነው የቀበርኳት።

ነገሩ ይህ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአሰብ ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ባለ የመብራት ማማ ላይ ተካና እኔ ተራ እየገባን እንሠራ ነበር። አንድ ሌሊት መብራቱ መዞር አቆመ። ሽንኩርትና ፍየል የጫነች ጀልባ መንገድ ስታ ከባሕር ውስጥ ድንጋይ ጋር ተላተመች። ሰው አልሞተም። የጀልባዋ አለቃ እግሩ ተሰበረ፣ ጀልባዋም ቀረችበት። ተካ ከማማው ተባረረ። መብራቱን ያስቆምኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ይህን ያስጻፈኝ እዚህ ፈረንጅ አገር ያለው ፓስተራችን ነው። ጠዋት ደወለ።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ቅዳሜ የቤተክርስቲያኑን አረጋውያን በቫን ወደ ውቅያኖሱ ዳር ልንወስድ ነው። አሮጌ የመብራት ማማ አለ፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። እርስዎ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱንና ያቺን ምስክርነት እዚያው ይስጡልን። ቪዲዮ እናደርገዋለን።»

ያቺ ምስክርነት! ስንት ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ደርግ ጴንጤዎችን በሚያሳድድበት ዘመን ሰባት ሆነን በማማው ሥር ባለው የጋዝ መጋዘን ውስጥ እንጸልይ እንደነበር፣ ማዕበሉ ዝማሬያችንን እንደሸፈነልን፣ ካድሬዎቹ በራፉ ድረስ መጥተው እንደተመለሱ። ሁሉም እውነት ነው። ሰው ያለቅሳል። አበበችም ከሰባቱ አንዷ ነበረችና ከፊት ወንበር ላይ ሆና አብራ ታለቅስ ነበር። ተካ ግን በምስክርነቱ ውስጥ የለም።

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለምን እሺ አልክ ብዬ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ።

ማክሰኞ

ለቅዳሜ የማስረዳውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ያህል ጻፍኩ፦

— መብራቱ ራሱ ትንሽ ነው። በፓምፕ የሚነፋ የጋዝ ፋኖስ ነው። ሰው ግን ትልቅ ይመስለዋል።

— ትልቁ መስታወቱ ነው። ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ቀለበት በቀለበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ትንሿን ብርሃን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውራታል። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው ይሉን ነበር።

— ስናጸዳው ቁልፍ የሌለው ሽርጥ እንለብሳለን። ቁልፍ መስታወት ይጭራል።

— ቀን ቀን መጋረጃ ይጋረዳል። አለዚያ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ማማውን ታቃጥላለች።

— መስታወቱ በባዜቃ፣ እንደ ውኃ በሚፈሰው ብረት፣ ላይ ይንሳፈፋል። ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ጣት ገፍተው ያዞሩታል።

— ሌሊቱን ሙሉ የሚያዞረው በገመድ የተንጠለጠለ ብረት ነው። ብረቱ በማማው መሀል ቀስ እያለ ሲወርድ መስታወቱን ያዞራል፣ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። መሬት ሲደርስ ያቆማል። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ እጀታውን እያዞሩ ብረቱን ወደ ላይ መመለስ ነው። መሙላት እንለው ነበር።

እዚህ ስደርስ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው «ሳይሞላ ቢቀርስ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሳይሞላ ቢቀር መብራቱ አይጠፋም። ይበራል፣ ግን አይዞርም። መርከበኛ ብልጭታውን ይቆጥራል፤ በየስንት ቁጥሩ ብልጭ እንደሚል ነው የትኛው ማማ መሆኑን የሚያውቀው። መዞር ያቆመ መብራት ግን የሰው ቤት መብራት ይመስላል። የጠፋ ቢሆን መርከበኛው ይጠነቀቅ ነበር።

ያን ምሽት እንዲህ ነበር። የተራችን ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚጻፈው፣ የወደቡ ደንብ ስለነበር። ተካ ግን ቸኩሎ «ተካ እስከ 3» ብሎ ጻፈ፣ በእኛ ሰዓት። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። እኔም አውቄያለሁ፣ በቃል ተነጋግረን ነበር። በሦስት ሰዓት ደረጃው ላይ ተገናኝተን ተረከብኩት። ብረቱን ሞላሁ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቼ መሙላት ነበረብኝ። ጸሎቱ ጣፈጠኝ፣ ረሳሁት። ጀልባዋ ስምንት ሰዓት ላይ ተላተመች።

በማግስቱ አለቆቹ ሰሌዳውን አነበቡ። በደንቡ ሦስት ማለት የፈረንጅ ሦስት ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ስለዚህ ተራው የተካ ሆነ። ተካ «ደረጃው ላይ አስረክቤዋለሁ» አለ። እኔ ደግሞ «እሱ እኮ ከትናንት ወዲያ ነው፣ ቀኑ ተምታቶብህ ነው» አልኩ።

ሲወጣ በሩ ላይ እጄን ይዞ፣ «ሦስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሳሳትኩህ ወንድሜ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኩት።

ረቡዕ

በርበሬ አልቆብኝ የሀበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ወረድኩ። ባልወርድ ይሻለኝ ነበር። ተካ ሱቁ ውስጥ ነበር።

እዚህ ከተማ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁ ሰናይት ጋ፣ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ቤተክርስቲያናችን አንድ አይደለም፣ እሱ ኦርቶዶክስ ነው። በዚህ ምክንያት መሸሹ ቀሎልኝ ኖሯል። ሰላምታ እሰጥና ቀጠሮ አለኝ እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀጠሮ።

ተካ በሁለቱም እጁ ሰዓት ያስራል። ግራው በሀበሻ፣ ቀኙ በፈረንጅ። ፌርፋክስ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። የሰፈሩ ጎረምሶች ይቀልዱበታል። ዛሬም አንዱ ባለ ኮፍያ ጎረምሳ፣

«ጋሽ ተካ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለው።

«በየትኛው?»

«በሁለቱም ይንገሩኝና እኔ አማካዩን እወስዳለሁ።»

ሱቁ ሳቀ። ተካም ሳቀ። «የስልክህ ባትሪ ያለቀ ቀን እዚህ እጄ ሥር ትመጣለህ» አለው።

እኔ ከምስሩ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜያለሁ። ሁሉም የሽማግሌ አመል ይመስላቸዋል። ለምን ሁለት ሰዓት እንደሚያስር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ላምልጥ ስል አየኝ። «ዘርይሁን! ደግሞ ቀጠሮ አለህ? ሂድ ግድ የለም፣ ቅዳሜ እንገናኛለን። ሰናይት ከእናንተ ጋር አስመዝግባኛለች። ያንን መስታወት ሳልሞት አንዴ ልየው ብዬ ነው። ቫናችሁ ጴንጤ ያልሆነ ሰው ይጭናል አይደል?»

ይጭናል አልኩት። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐሙስ

ለፓስተር ደወልኩ። ምስክርነቱ ይቅርብኝ፣ አልችልም አልኩት። «ትሕትናዎ ነው ጋሽ ዘርይሁን፣ ትሕትናዎ ነው የሚባርከን» አለኝ። ትሕትና አይደለም ልለው ስል ሌላ ስልክ ገባበት።

ልጄ ሊዲያ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ፊቴን አይታ፣ «ሶ፣ አባቢ፣ ስትረስ አታድርግ። ሃያ ደቂቃ ነው። የምታውቀውን ነው የምታወራው» አለችኝ። አዎ፣ ችግሩ የማውቀው መሆኑ ነው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቫኑ የት ፓርክ እንደሚያደርግ ልጠይቅልህ እያለች ስልኳን ታያለች። አፌን ዘጋሁ። በእሷም በራሴም ተናደድኩ።

ከሄደች በኋላ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ አሁን ብዙ አይችልም። ጌታን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፦ ያኔ እውነቱን ብናገር ሌሊት ጋዝ መጋዘን ውስጥ ምን ትሠራ ነበር፣ ከነማን ጋር ነበርክ ይሉኝ ነበር። አበበችን ጨምሮ ስድስት ሰው ይታሰር ነበር። ይህ ምክንያት አይሆነኝም?

መልሱን ራሴ አውቀዋለሁ። ያኔ ምክንያት ነበር። ደርግ ከወደቀ ግን ስንት ዘመኑ! ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ማንንም አላዳነም፣ ከእኔ በቀር። በየዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቼ ጌታ እንዴት እንደሸፈነን ስናገር፣ የተሸፈንኩት በተካ ነበር።

ቅዳሜ ተካ ፊት ያቺኑ ምስክርነት መስጠት አልችልም። ከቅዳሜ በፊት መናገር አለብኝ። ነገ እሄዳለሁ።

ዓርብ

ብርቱካን ገዝቼ በአውቶቡስ ሄድኩ። አንድ ፌርማታ አለፈኝና ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁት። ላብ በላብ ሆኜ ደወል ብደውል ሰናይት ከፈተች። ተካ የለም። ሐኪም ቀጠሮ ነበረው፣ ጎረቤት ድራይቭ አድርጎ ወሰደው። እኔ ዘጠኝ ዓመት በውሸት ቀጠሮ ስሸሸው፣ ዛሬ የእሱ ቀጠሮ የእውነት ሆነ።

«ይግቡ፣ ጋሽ ዘርይሁን፣ ውኃ ይጠጡ» አለችኝ። «አባዬ እኮ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያወራል።»

«ምን ይላል?»

«ሥራ ላይ አሳስቼው ሳይቀየመኝ የቀረ ሰው ነው ይላል። ‹በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኔን አያየውም ነበር› ይላል።»

ውኃውን ጠጣሁ። ብርቱካኑን ሰጠኋት። ተነሥቼ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ወርጄ አውቶቡሱን ያዝኩ። ብርቱካን ይዤ ልናዘዝ ሄጄ፣ ተመስግኜ መጣሁ!

ቅዳሜ

ፍሪዌዩ ተዘግቶ ዘግይተን ደረስን። ማማው ከእንጨት የተሠራ ነጭ ቤት ነው፣ አናቱ ላይ የመስታወት ክፍል አለው። መስታወቱን ግን አውርደው ታች አስቀምጠውታል። አይዞርም። አስጎብኚዋ አሮጊት ፈረንጅ ናት። ተካ ተጠግቶ ዙሪያውን ሄደ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንዳይነካው። ከዚያ ወደ ሸሚዙ ቁልፎች እያመለከተ «ኖ በተን» አላት። ገባት፣ ሳቀች። ተካ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ማማውን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ረስቼው ነበር።

ፓስተር የስልኩን ካሜራ ሲያዘጋጅ ተካን ውጭ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰድኩት። ፊት ለፊታችን ባሕር ነው። ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት።

«ተካ፣ ሦስት ብለህ ስትጽፍ በእኛ ሰዓት መሆኑን አውቅ ነበር። ደረጃው ላይ ተረክቤህ ነበር። መጋዘን ወርጄ ከእነአበበች ጋር በድብቅ ስጸልይ ነው መብራቱ ያቆመው።»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ከዚያ፣ «ደረጃው ላይ ፋኖስ ይዘህ ነበር» አለ። «በቀኝ እጅህ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ያንን ያለምኩት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።» ሰዓቶቹን አየ፣ አንዱን ከዚያ ሌላውን። «ያኔ የደበቅኸው ሰዎቹን ለማዳን ነው?»

«ያኔ አዎ።»

«ከዚያስ ወዲህ?»

«ራሴን ለማዳን።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሣ። «እዚያ ውስጥ ያሉት ይስሙ» አለ። «ሲስቁብኝ የኖሩት ሁሉ። ያ ቪዲዮም ለሰናይት ይላክላት።»

ገባን። ስለ መብራቱ፣ ስለ ባዜቃው፣ ስለ ብረቱ አስረዳሁ። «ሳይሞላ ቢቀርስ?» ብሎ የጠየቀ የለም፣ ራሴ ጠየቅሁት፣ ራሴም መለስኩ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ደረጃው፣ «ተምታቶብህ ነው» ስላልኩት። አብራን የመጣችው ሊዲያ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። መሀል ላይ ፓስተር ስልኩን ዝቅ አደረገ። ተካ ዞር ሳይል፣ «አትዝጋው፣ ልጄ ታየዋለች» አለው። ፓስተር መልሶ ከፍ አደረገው። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ማንም አሜን አላለም።

ስንመለስ ተካ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ፌርፋክስ ስንደርስ ወርዶ በሩን እንደያዘ፣

«ማክሰኞ ቤት ና» አለኝ።

«ስንት ሰዓት?»

«ሦስት።»

በሀበሻ ነው በፈረንጅ አላለም። ይህን ሳይል ለማንም ሰዓት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ በራፉ እገኛለሁ። ካልከፈተልኝ የፈረንጁ ሦስት፣ በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ፣ እስኪደርስ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።