በጎተራው ውስጥ ስለተገኘችው ሴትና ስለ ሄልዊግ ቤተሰብ ጥበቃ

ለተከበሩ የኦስትራንደር አውራጃ ሸሪፍ፣ ለአቶ ድዋይት ሄልዊግ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። በመከር በዓሉ ሰልፍ ላይ ክፍት መኪና ላይ ቆመው ለሕዝቡ እጅዎን ሲያወዛውዙ ስላየሁዎት፣ ጤናዎ መልካም እንደሆነ ተረድቻለሁ። በዚያው ዕለት «የሄልዊግ ቤተሰብ ይህን አውራጃ ለሁለት ትውልድ ጠብቋል» ብለው ያሰሙት ንግግር ልቤን ስለነካው፣ ከተጠበቁት ሰዎች አንዷ እንደመሆኔ ምስጋናዬን በጋዜጣ ላቀርብ ደፍሬአለሁ።

አንደኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከእርስዎ በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጡትን አባትዎን፣ ሸሪፍ ክላረንስን አመሰግናለሁ። እህቴ ማርላ ሎፍትስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በ1978 መከር፣ ከበቆሎ ማሸጊያው ፋብሪካ ወጥታ ቤት ሳትደርስ ስትቀር፣ እናታችን ቨርና ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቢሮአቸው ስትሮጥ እኔም አብሬያት ነበርኩ። አባትዎ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ቨርና፣ አትጨነቂ። ልጅቷ ወንድ ተከትላ ሄዳለች፤ ለገና በዓል ካርድ ትልክልሻለች» አሏት። እናቴ፣ «በዚህ ብርድ ኮቷን ቤት ጥላ ነው የምትሄደው?» ብትላቸው፣ «ፍቅር የያዘው ሰው ብርድ አይሰማውም» ብለው ሳቁ። በቢሮው የነበሩትም ሁሉ አብረው ሳቁ።

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ፣ በአጎትዎ በአቶ ላይል መሬት ላይ ባዶውን ይቆም በነበረው የእህል ጎተራ ውስጥ እጆቿ በወንድ ቀበቶ የታሰሩ የአንዲት ሴት አስከሬን ተገኘ። መልኳን መለየት አይቻልም ነበር። አባትዎ ሴትዮዋ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ በአውራ ጎዳናው ስታልፍ የነበረች እንግዳ ናት ብለው ለጋዜጣ ተናገሩ። እናቴ ልያት ብላ ስትለምናቸው፣ «የማታውቂያትን ሴት ሬሳ አይተሽ ምን ልታደርጊ ነው? ቤትሽ ሂጂና ልጅሽን ጠብቂ» ብለው ከደጅ መለሷት። ሴትዮዋ በመቃብሩ ቦታ ጥግ፣ «ያልታወቀች» የሚል ድንጋይ ተተክሎላት ተቀበረች። እናቴም በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ቀን ሲመጣ የአባቴን መቃብር ካጸዳች በኋላ ከጓሮአችን ከቆረጠችው አበባ ግማሹን ወስዳ እዚያ ድንጋይ ላይ ታኖር ነበር። «ይቺም የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ የት እንዳለች አታውቅም» ትለኝ ነበር። እንደታዘዘችው ልጇን ስትጠብቅ ኖራ፣ እዚያው መቃብር ቦታ አረፈች። ስለ መልካም ምክራቸው ለአባትዎ ምስጋናዬ ባሉበት ይድረሳቸው።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤትዎ ይህን ጉዳይ እንደተዘጋ ስላቆየው አመሰግናለሁ፤ ባይሆን ኖሮ ፈጽሞ የማያውቁን ሰዎች ባልደከሙልን ነበር። የስቴቱ አስከሬን መርማሪዎች ስም ያጡ ሙታንን ሁሉ አንድ በአንድ ሲመረምሩ የዚያችንም ሴት አጥንት አስቆፍረው አወጡና ዲኤንኤዋን አስመረመሩ። አርባ ዓመት የተባለላት ሴት ገና ሃያ ያልሞላት ሆና ተገኘች። በኦሪገን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጄኔል ደግሞ ቅድመ አያቶቿ ከየት እንደመጡ ለማወቅ ብላ ምራቋን በብልቃጥ ለዘር መርማሪ ድርጅት ልካ ኖሯል። ቶኒያ ብሪግስ የምትባል፣ የዘር ሐረግ እየቆጠረች ለእንዲህ ዓይነት ሙታን ስም የምትፈልግ በጎ ፈቃደኛ፣ የሁለቱ ደም እንደሚዛመድ አይታ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምራ ቅርንጫፉን እየተከተለች እኛ ቤት ደረሰች።

ስልኩ ሲደወል ምግብ እየሠራሁ ነበር። «ወይዘሮ ኮሪን፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ። ቆሜ እንደሆነ ስነግራት፣ «እባክሽ ተቀመጪ። እህት ነበረችሽ?» አለች። ነበረችኝ አልኩ። ሴትዮዋ ማርላ መሆኗን ነግራኝ እስክትጨርስ ሽንኩርቱ ምድጃው ላይ አረረ።

ሦስተኛ፣ ወሬው በተሰማ ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው ሐዘኔን ስለተካፈሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ያቀረብኩልዎትን የፖም ኬክ ጨርሰው እስኪበሉ ስለ ማርላ አንዲት ቃል እንዳልወጣዎት ልብ ብያለሁ፤ ሐዘን ቃል ቢያሳጣዎት ነው ብዬም ተርጉሜዋለሁ። ባርኔጣዎን ካነሱ በኋላ ግን፣ «ኮሪን፣ አሁን ስሟን አግኝተሻል። በክብር ቅበሪያትና ይብቃሽ» አሉኝ። ስለ ቀበቶው ስጠይቅዎት፣ የቢሮአችሁ ምድር ቤት በጎርፍ ሲሞላ አብሮ ጠፍቷል ብለው ነገሩኝ። በረንዳው ላይ ቆመው የቤቴን ዙሪያ ሲቃኙም፣ «መንገድሽ ሩቅ ነው፤ ባልሽም ካረፈ ወዲህ ብቻሽን ነሽ። ክረምቱ ዘንድሮ ይከፋል ይላሉ» አሉኝ። ከአፍዎ የወጣውን ሁሉ እንደ ርኅራኄ ቆጥሬ በልቤ አኑሬዋለሁ።

ስለ ቀበቶው ግን አይጨነቁ። በዘመኑ አስከሬኗን የመረመሩት ሐኪም አባትዎን ሳይጠይቁ በስቴቱ ዕቃ ቤት አስቀምጠውት ኖሮ፣ በደረቅ ሣጥን ውስጥ ተገኝቷል። ቋጠሮው ውስጥም የወንድ ዲኤንኤ ተገኝቷል።

አራተኛ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለሚደረግልኝ ልዩ ጥበቃ ነው። መሸት ሲል ከመሥሪያ ቤትዎ መኪኖች አንዱ መብራቱን አጥፍቶ በመንገዴ ጫፍ ይቆማል፤ ማን እንደሚነዳው መስታወቱ ጠቁሮ ስለማይታይ በስም ላመሰግነው አልቻልኩም። የአውራጃው የበረዶ መጥረጊያ መኪና የጎረቤቶቼን መንገድ ጠርጎ እኔ ጋ ሲደርስ አካፋውን አንሥቶ ያልፋል። ጎረቤቴ ኦርቪል ግን በራሱ ትራክተር እየመጣ ይጠርግልኛል፤ «አንቺ ሴት፣ ወደ ከተማ ዘመዶችሽ ጋ ሂጂ። ሰውዬው ቀልድ አያውቅም» ይለኛል። አልሄድኩም። እኔ ጥዬ ብሄድ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለማን ይደረጋል?

አምስተኛውና የመጨረሻው ስለ ዘር ሐረግዎ ነው። ቶኒያ በቀበቶው የተገኘውን ዲኤንኤ ተከትላ እንደገና ቅርንጫፍ መቁጠር ጀመረች። በኔብራስካ፣ በካንሳስ፣ በአይዳሆ የሚኖሩ ሩቅ ዘመዶች ሁሉ ወደ አንድ ባልና ሚስት፣ ወደ እርስዎ አያቶች አደረሷት። ከእነዚያ ዘሮች በ1978 በዚህ አውራጃ የነበሩት ወንዶች ሦስት ናቸው፤ አባትዎ፣ ልጅ ያልወለዱት አጎትዎ አቶ ላይልና ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላዎት እርስዎ። ሁለቱ አርፈዋል። የቀሩትን እርስዎን ስቴቱ ለምርመራ ምራቅ ቢጠይቅዎት፣ በሥራ ብዛት ምክንያት እንዳልተመቸዎት ሰምቻለሁ።

እንዳይቸገሩ ብለን በአሪዞና ያለችውን ብቸኛ እህትዎን አርሊንን ጠየቅናት። የእሷ ዲኤንኤ፣ የቀበቶው ባለቤት አባትዎ ከሆኑ ልጅ፣ አጎትዎ ከሆኑ የወንድም ልጅ፣ እርስዎ ከሆኑም እህት መሆኗን ለይቶ ይናገራል። ከአባታችሁ ቀብር ወዲህ ለምን እዚህ እንዳልመጣች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። «እልካለሁ» አለችኝ በስልክ። «ግን መልሱ ሲመጣ ቀድመሽ አንቺ ስሚው። እኔ ለመስማት ጉልበት የለኝም።»

ክቡር ሸሪፍ፣ ይህን ሁሉ በጋዜጣ የማወጣው የከተማው ሕዝብ ሁሉ እኔ የት እንደምኖር፣ ጤነኛ እንደሆንኩና መንገድ ወይም በረዶ የማልፈራ እንደሆንኩ እንዲያውቅልኝ ነው። በዚህ ክረምት አንድ ነገር ቢደርስብኝ፣ ማንም «ወንድ ተከትላ ሄደች» እንዳይለኝ ነው።

ጥበቃዎ እንዳይለየኝ እየለመንኩ፣ ስለ ሁለት ትውልድ ትጋታችሁ ከምስጋና በላይ የሚገባችሁን ሕግ እንዲከፍላችሁ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

ኮሪን ሎፍትስ
የማርላ ሎፍትስ እህት

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ወደ ጋዜጣው ልልክ ስነሣ ቶኒያ ደወለች። ልጅ አላለችኝም፤ የወንድም ልጅም አላለችኝም። «እህት» አለችኝ። ለአርሊን ስነግራት፣ «የወንድሜ ልጆች ከሰው አፍ ከመስማታቸው በፊት ልደውልላቸው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ይህ ጋዜጣ ደጅዎ ላይ ሲወድቅ መርማሪዎቹ የዳኛ ትእዛዝ ይዘው እርስዎ ጋ ይደርሳሉ። ይዘውት የሚመጡት ምራቅ የሚወስዱበት ትንሽ ጥጥ ስለሆነ አያምም፤ እባክዎ አፍዎን ይክፈቱላቸው።