የሺ ጠጅ የማን ነው?

ልጄ ናዝሬት፣ የካ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ።

አብሮ አደግሽ ዳርቱ ጉርድ ሾላ ጠጅ ቤት ከፍታለች። እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሃያ ዓመት የሸጥኩበትን «የሺ ጠጅ» የሚለውን ስም የራሷ የንግድ ምልክት አድርጋ አስመዝግባዋለች።

«ስሙ የኔ አይደለም ወይ?» ስላት፣ «እትዬ የሺ፣ ባለቤቱ ቀድሞ ያስመዘገበ ነው» አለችኝ።

ጠጇን ቀመስኩት። በጌሾ ብቻ የተጣለ አይደለም፤ ባለፈው ይዘሽልኝ መጥተሽ እምቢ ያልኩሽ የፓኬት እርሾ አለበት። አጋጣሚ ይሆናል አልኩ። ጠርሙሱ ላይ ግን የወጣትነት ፎቶዬ ተለጥፏል፤ ያ ፎቶ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ትናንት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሄጄ መቃወሚያ አስገባሁ። «ፎቶውን ማን ሰጣት?» ሲሉኝ «አላውቅም» ብዬ ፈረምኩ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። እባክሽ ደውይልኝ፤ ሳልቆጣ እሰማሻለሁ።

እናትሽ የሺመቤት