ወጌሻ ከበበው ስለ ወጌሻ ከበበው

ይድረስ የበይነመረቡን ኢንሳይክሎፒዲያ በፈቃዳችሁ ለምታርሙ፣ ስማችሁንም ፊታችሁንም ለማላውቀው ክቡራን አርታኢዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለዓይናችሁ ጤና፣ ለጣታችሁም ብርታት እመኛለሁ፤ ዓይናችሁ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝምና። እኔ በመካኒሳ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ስብራት ስጠግን የኖርኩ ወጌሻ ከበበው ወጋየሁ ነኝ። ከሰባት ሳምንት ወዲህ በሬ በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ መጣ እያልኩ ስለምደነግጥ፣ የዋላችሁልኝን ውለታ በአደባባይ ልዘረዝር ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ማንም ሰው ስለ ራሱ ገጽ ባይጽፍ እንደሚሻል አስቀድማችሁ በጨዋነት መክራችሁኝ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ልጄ ትሕትና ገጹን ስትጽፍልኝ ምክራችሁን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "አባዬ፣ ሰው ለራሱ ማድላቱ አይቀርም ይላል። ደግሞ አንዴ ከወጣ ገጹ ያንተ አይደለም፤ ማንም ይጨምርበታል" አለችኝ። እኔም "የእኔን ሥራ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዝም ብለሽ ጻፊ!" አልኳት። የትውልድ ቦታዬን፣ ከአባቴ ሙያውን እንዴት እንደተማርኩ፣ የጠገንኳቸውን ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ አስጻፍኩ። መጨረሻ ላይም "በአርባ ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ታካሚ አልተጎዳባቸውም" የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። አንቱ ያልኩት ራሴን መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጎን "ምንጭ ያስፈልጋል" የምትል ትንሽ ማሳሰቢያ ለጠፋችሁ። እኔም ተናድጄ "ምንጭ ካሻችሁ ራሳችሁ ፈልጉ!" ብዬ አስጻፍኩላችሁ። ታዛዦች ናችሁና ፈለጋችሁ። ከአምስት ዓመት በፊት የታተመ፣ በሰፈራችን ማንም ያላነበበው፣ እኔ ግን አንብቤ የቀደድኩት ሳምንታዊ ጋዜጣ አገኛችሁ። የእኔን ዓረፍተ ነገር አንሥታችሁ በቦታው አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇ ተሰብሮ እኔ ዘንድ እንደታሰረች፣ ማሰሪያው ጠብቆ ደም ስለከለከለ እጇ ሆስፒታል ውስጥ እንደተቆረጠ ጻፋችሁ። የልጅቱን ስም አልጻፋችሁም፤ እኔም አልጽፈውም። የእኔ ስም ግን በትልልቁ ከላይ ተቀምጧል፤ ለዚህ የሚመሰገነው ሌላ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ቅልጥፍናችሁን ሳላደንቅ አላልፍም። ያን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ምሳዬን ሳልጨርስ መለሳችሁት። ከዚያ ወዲያ ስልኬ ሲጮኽ አላነሣም፤ ሳያነሡት ዝም ካለ ደግሞ ማን ነበር እያልኩ ሳሰላስል አድራለሁ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ፖሊስ በሬ ላይ ቆሞ ሳየው ሁለት እጄን አጣምሬ "ጌታዬ፣ ሳልለብስ አይውሰዱኝ" አልኩት። ሰውዬው ሚሳኤል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ኖሯል የመጣው። "አባባ፣ ምን ሆነዋል?" ብሎ እኔን ደግፎ አስቀመጠኝ።

የሚቀጥለውን ታሪክ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከአቤቱታ ጋር ስለማይቆጠር። አንድ ቀን ማለዳ ትሕትና ስልኳን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። ገጹን ከፍታዋለች። "አባዬ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። ፖሊስም፣ ፍርድ ቤትም፣ እናንተም እንደዚያ አላስፈራችሁኝም። "እውነት ነው" አልኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ስልኩን አጠፋችና "ታዲያ ልጅቷን ጠይቀሃት ታውቃለህ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር።

በነጋታው ታክሲ ይዤ ለቡ መብራት ኃይል ወረድኩ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስዞር ስለኖርኩ እንዴት ይጠፋኛል? በሩን እናትየዋ ከፈተችው። ወዲያው አወቀችኝ።

"ዛሬ ምን አመጣዎት? ስለተጻፈብዎት ነው?" አለች።

"አዎ" አልኩ።

"ይግቡ" አለችኝ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ደብተሯን ዘርግታ ታጠናለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ ያለ ቁጣ፣ የትምህርት ቤት ጥያቄ እንደምትመልስ ሁሉ፣ "ጣቶቼ ደነዘዙ ብዬዎት ነበር። 'ታገሺ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ' አሉኝ። ስለዚህ ታገስኩ" አለች።

ክቡራን ሆይ፣ ጋዜጣው ይህን አልጻፈም፤ እናንተም አላገኛችሁትም። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ። ከመሬት ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጅቷ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እናትየዋ አንሥታ አስቀመጠችኝ፤ "ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ አልችልም። ግን ሌላ ልጅ እንዳይደገም፣ ለሰው ሁሉ ራስዎ ይንገሩ" ብላ እስከ በር ሸኘችኝ።

ይህን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ ግልጽ ያደረግኩት ስለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ ላይ ያለውን ሰሌዳ አውርጃለሁ፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሆስፒታል አድርሼው እመለሳለሁ፤ ለምን እንደሆነም እነግረዋለሁ። የሚሰድበኝ አለ፤ ልጁን አቅፎ የሚሮጥም አለ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ምክራችሁን ባለመስማቴ ለደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ ጥፋተኛ አድርጌ ልከሳችሁ ብዙ ደክሜ ያልተሳካልኝ፣ በእናንተ ትጋት እንቅልፍ ያጣሁ፣

አክባሪያችሁ ከበበው ወጋየሁ፣ የቀድሞ ወጌሻ
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄያችሁ መካከል አንድ ስሕተት አምልጧችኋል። ገጹ የተቆረጠው ግራ እጇ ነው ይላል። የተቆረጠው ግን ትጽፍበት፣ ትበላበት የነበረው ቀኝ እጇ ነው። በራሴ ገጽ ላይ እጄን እንዳላስገባ ስለተከለከልኩ እባካችሁ እናንተ አርሙት፤ የትኛው እንደሆነ አልሳሳትም፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ።