ቆማ የማትፈላ፣ ስትሮጥ የምትፈላ ቫን

ለተከበሩ አቶ ልዑልሰገድ
የጋራዥ ባለቤትና ዋና መካኒክ
አዳማ

ጉዳዩ፦ የወይዘሪት ሰብሪናን ስም ከሞተር ሙቀት ስለማላቀቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ የአዳማ ፀሐይ የሰውነትዎ ሙቀት ልከኛ፣ ደምዎ የተረጋጋ፣ ወገብዎም መኪና ሥር ገብቶ ለመውጣት የማይሰንፍ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ጊዜ ሞልቶኛል፤ ይህን የምገልጸውም ደብዳቤው ቢረዝምብዎ ምክንያቱን እንዲያውቁት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ የቀድሞ ተማሪዬና የአሁን ጎረቤቴ ሰብሪና የአጎቷን የአቶ ፈሪድን ትንሽ ነጭ ቫን እየነዳች በየማለዳው ከቆቃ ዓሣ ታመጣለች። ይህች ቫን ዓሣ ጭና ወደ ሞጆ ሽቅብ ስትወጣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ቀዩ ላይ ይደርሳል፤ ሰብሪናም መንገድ ዳር አቁማ ሞተሩ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ሞተሩ ሲበርድ ዓሣው ይሞቃል። ቫኗ ወደ ክቡር ጋራዥዎ ደጋግማ መጥታ ደጋግማ ታክማ፣ ለውጥ ሲጠፋ እርስዎ ለአቶ ፈሪድ ስልክ ደውለው በሽታዋን ነገሯቸው፦ «መኪናዋ ምንም የላትም፤ የሴት እጅ ነው የሚያሞቃት።» አቶ ፈሪድም ከመጪው እሑድ ጀምሮ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ሊሰጡ ወሰኑ። ለእርስዎ ከሻይ በፊት የተነገረች አንድ አረፍተ ነገር ነበረች፤ ለሰብሪና ግን እንጀራዋ ናት።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ቴርሞስታቱ አመሰግናለሁ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን እዚያው የሚያቆይ፣ ሲሞቅ ደግሞ በር ከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፍ ትንሽ ዘበኛ ነው። እርስዎ ይህን ዘበኛ ገና በመጀመሪያው ቀን አሰናበቱት። ሰብሪና ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ ይህ ዕቃ የተሠራው ለብርድ አገር ነው፣ እዚህ ምን ይሠራልሻል ብለው ሠራተኞችዎን አስቀዋል። ይህን የሚሉ እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ቃሉ ከመካኒክ ወደ መካኒክ እንደ ርስት ሲወራረስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ዘበኛው የተቀጠረው ለሞተሩ እንጂ ለአገሩ አየር አልነበረም። አገር ሞቀ አልሞቀ፣ ሞተሩ ሊሠራ የሚፈልገው ሙቀት ያው ነው።

፪. ራዲያተሩን ከጋራዥዎ ጓሮ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ስለሞሉልንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የስምጥ ሸለቆ ውሃ የብዙዎቻችንን ጥርስ እንዳቀለመ፣ ማንቆርቆሪያችንንም ነጭ ቅርፊት እንደሚያለብስ የታወቀ ነው። ጥርሱን የሚያቀልመው ፍሎራይድ፣ ማንቆርቆሪያውን የሚለብሰው ደግሞ ኖራ ሲሆን፣ ራዲያተርን የሚደፍነው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን ለሚያደባልቅ ተማሪ ግማሽ ነጥብ እሰጥ ነበር። እርስዎ ግን አንዱን ከአንዱ ሳያስበልጡ ሁለቱንም እስከ አፉ ሞልተውታል።

፫. ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ አንስተው ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ለውጠዋል። ከመክፈትዎ በፊት ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ያየ ሰው አልነበረም፤ አለመቀላቀሉን ከዚያ በፊት ሰብሪና ራሷ አይታ ነግራችሁ ነበር። ሆዱን ቁርጠት ይዞት የመጣ በሽተኛ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ደህና መሆኑ ሲነገረው የሚሰማውን ምስጋና እኛም አቅርበናል።

፬. አሁን ወደ ሙከራዎ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ሙያዬ ያስገድደኛል። ቫኗን ግቢዎ ውስጥ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ምሳችሁን በላችሁ። አልፈላችም። ከዚያ አንዱ ሠራተኛዎ ባዶዋን በሰፈሩ አዙሮ መለሳት። አሁንም አልፈላችም። ከዚህም በመነሳት፣ እኛ ስንይዛት አትፈላም፣ እሷ ስትይዛት ትፈላለች፣ እንግዲያው ጥፋቱ የእሷ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሳችሁ። አቶ ልዑልሰገድ፣ ሙከራ ሲደረግ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናንተ ሾፌሩን፣ መንገዱን፣ ጭነቱንና ፍጥነቱን በአንድ ቀን ለውጣችሁ፣ ከአራቱ ውስጥ ቀሚስ የለበሰውን መርጣችሁ ከሰሳችሁ።

እኔ አንዱን ብቻ ለወጥኩ። በሰፈራችን በታክሲ ሥራ ያረጀውን ጃዕፈርን ለምኜ፣ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ያህል ዓሣ ጭኖ እንዲነዳ አደረግሁ። ሰብሪና ከጎኑ፣ እኔ ከዓሣው ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ሽቅቡ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ፈላች። ጃዕፈር ወርዶ መዳፉን ገለባብጦ አየና «ይሄ እጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሴት የሆነው?» አለ።

፭. ቆማ አለመፍላቷና ስትሮጥ መፍላቷ የሰብሪና ክስ ሳይሆን የበሽታው ፍንጭ ነበር። ፋኗ፣ ማለትም የራዲያተሯ ማራገቢያ፣ የሞተባት መኪና የምትፈላው ቆማ ነው፤ ስትሮጥ የመንገዱ ነፋስ የፋኑን ሥራ ስለሚሠራላት ትበርዳለች። የእኛዋ የዚህ ተቃራኒ ነበረች፤ ስለዚህ ስትሮጥ ነፋሱን የሚከለክል ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ቫኗ ገና መፍላት ሳትጀምር ለሌላ ሥራ እርስዎ ዘንድ በመጣችበት ጊዜ፣ የእርስዎ ኤሌክትሪሺያን ፋኑን «ዳይሬክት» እንዳደረገው፣ ማለትም ቁልፍ ከተጠመዘዘ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ እንዲሽከረከር በቀጥታ እንዳገናኘው ሰብሪና ነገረችኝ። እዚያው መንገድ ዳር ከፊት መረቡ ላይ አንድ ነጠላ ወረቀት አስጠጋሁ። ፋኑ አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ቢሆን ወረቀቱ መረቡ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ተተፍቶ ሄዶ የጃዕፈር ደረት ላይ አረፈ።

የፋኑ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ተገልብጠው ስለታሰሩ ፋኑ ወደ ኋላ ይሽከረከር ኖሯል። መኪናዋ ስትቆም አየሩ በተገላቢጦሽም ቢሆን በራዲያተሩ ስለሚያልፍ ያበርዳል። ስትሮጥ ግን ወደ ውስጥ የሚገባው የመንገድ ነፋስና ወደ ውጭ የሚወጣው የፋኑ ነፋስ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ እንደተገናኙ ሁለት ባጃጆች፣ እኔ አላሳልፍም ተባብለው ይቆማሉ። ጃዕፈር ከልቡ ሳቀ። ሰብሪና አልሳቀችም። «ቲቸር፣ ስሜን ሲያጠፋ የከረመው ይሄ ነው?» አለችኝ፤ መልስ ሳትጠብቅም ካቻቢቴ አውጥታ ገመዶቹን ራሷ አቀያይራ አሰረቻቸው።

በማግስቱ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ፋኑ ብቻ ተስተካክሎ፣ እሷው እየነዳች ሽቅቡን ወጣን። ቀስቱ ከመሐል ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ራዲያተሩን ያሳጠብነውና አዲስ ቴርሞስታት ያስገጠምነው፤ ቀስቱም መሐል ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም በአንድ ቀን ብንሠራው ኖሮ ያዳናት የትኛው እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ ያሳመማት ማን እንደሆነም እንዲሁ።

፮. የቀረው ችግር አቶ ፈሪድ ናቸው። ውጤቱን ይዤ ሱቃቸው ብሄድ በትሕትና አስቀምጠው አዳመጡኝና፣ እርስዎ የተማሪዎ ጠበቃ ነዎት፣ የመካኒክን ቃል የሚያነሳው መካኒክ ነው አሉኝ። ለሙያዎ ያላቸው እምነት ራዲያተሩን ከደፈነው ኖራ ይልቅ የጠነከረ ነው። ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱቃቸው ብቅ ብለው፣ ያን ጊዜ በስልክ በተናገሩበት ሙሉ ድምፅ፣ ቃልዎን ያንሱላት። አረፍተ ነገሩ ከከበደዎ ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፦ «የእሷ እጅ አይደለም፤ የእኛ ገመድ ነው።» አጭር ስለሆነ ማጥናት አያስቸግርም።

በመጨረሻም፣ ጡረታ ላይ ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ላደረጉልኝ ሁሉ፣ የተበላሸውን ዓሣ በበሉት የሰፈራችን ድመቶችም ስም ጭምር፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጋራዥዎ መኪና አይጣ፤ የሚመጡትም በገቡበት መንገድ ሳይጎተቱ የሚወጡ ያድርግልዎ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ በማይናወጥ አክብሮት፣
ተክለሃይማኖት እንግዳሸት
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ ፈሪድ፣ ለሱቃቸው
ለወይዘሪት ሰብሪና፣ ዓሣው ከተራገፈ በኋላ እንዲነበብ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት፣ ስማቸው የተነሳ ሰው ቀድመው ሊያውቁ ይገባል ብዬ አቶ ፈሪድን አስነበብኳቸው። አምስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ንባባቸውን አቋርጠው የራሳቸውን የቤት መኪና እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። እሷም እርስዎ ዘንድ ፋኗ «ዳይሬክት» ከሆነ ወዲህ በዝዋይ መንገድ ላይ ስትፈላባቸው ከርማለች፤ እርሳቸውንስ የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። እንግዲህ ወደ ሱቃቸው ለመምጣት አይድከሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት እርሳቸው ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ነድታ የምታደርሳቸው ሰብሪና ናት። ስለ ዓሣው ሽታ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በቤተሰቡ ውስጥ የማትፈላ መኪና ያቺው አንዷ ብቻ ናት።