አባትህ የበሩን ዛፍ ጣለው

ለምወድህ ልጄ ፊንታን፣

እመቤታችን በዚያ በሜልቦርን ፀሐይ ጥላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ዝናቡም እንደምታውቀው ነው። እኔ ግን ይህን ሳልነግርህ አላርፍም።

ማክሰኞ ጠዋት የሞተር መጋዝ ሲጮህ ሰምቼ ብወጣ፣ አባትህ ማንንም የማያስነካው የበራችን የአሽ ዛፍ መሬት ላይ ተዘርሯል! አጠገቡ ያን የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ሀርሊንግን፣ ለልጆቹ ላስተምር የምትለው ከኪልኬኒ የመጣችው አዲሷ አስተማሪ ቆማለች።

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

"ሃያ ልጅ ሀርሊንግ ሊማር ተመዝግቦ ከአሽ እንጨት የሚሠራው ዱላ የለውም። በመጥረጊያ እንጨት ይጫወቱ?" አለኝ።

አባትህ እኮ ነው! "በእኛ በሊትሪም ጨዋታ ማለት እግር ኳስ ብቻ ነው" ብሎ ያንተን ዱላ ምድጃ ውስጥ የከተተው ሰውዬ!

እንጨቱ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ እሱ ግን ካሁኑ ለየዱላቸው ቁመት ልጆቹን ከመሬት እስከ ዳሌ እየለካ ጎተራው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ትናንት ያንተን አሮጌ ሱሪ ዘርግቶ በሜትር ሲለካ ደረስኩበት። "ምን አገባሽ!" ብሎ እስከ ጆሮው ቀላ። ስምህ ግድግዳው ላይ ከሁሉም በላይ ተጽፏል።

አደራ፣ ምግብ አትዝለል። አምላክ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ያቁምልህ። ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ጫማህን አውልቀህ ከመሬት እስከ ዳሌህ ለካና ላክልኝ። እሱ አፍ አውጥቶ አይጠይቅህም። ያ ሱሪ ደግሞ የአሥራ ስድስት ዓመትህ ነው፤ ዱላው ያጥርብሃል።

እናትህ አትራክታ