ቅዳሜ ከሰዓት፣ በወደቡ ሰዓት ሥር

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ ሻል አለህ ወይስ ዛሬም ሳንቃውን ሁሉ ብቻህን ነው የምታነሳው? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታክማ ነበር፤ ለውጥ አገኘችበት? ባለቤትህስ? ልጆቹስ አደጉልኝ? እኔ ደኅና ነኝ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ መጻፍ ለምዶብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በውሸት መጀመር አልፈለግሁም። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልቤ ግን ካረፈ ሰነበተ።

ስልኬን ካላነሳህ ወር ሊሞላህ ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። አልተቀየምኩህም። ስትቆጣ ዝም እንደምትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ልትቀደው ብታነሳው እንኳ አንድ ሁለት መስመር ዓይንህ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ የምሠራበት ሆቴል ሹፌር ሚስት ለዕረፍት ወደ አገር ስትገባ በእጅህ እንድታደርስልኝ ለምኜያታለሁ። እባክህን ወንድም ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

በስልክ የሰማኸው ቁርጥራጩን ስለሆነ ከመነሻው ላስረዳህ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልብስ ሰፊ አለች። አፏ ስለማያርፍ ሁላችንም ሬዲዮ ነው የምንላት፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። እኔ አንሶላና የትራስ ልብስ ስተኩስ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ የተቀደደውን ትጠቅማለች። አንድ ቀን መርፌዋን ሰክታ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ሰው የተኛበትን አንሶላ ስናጥብ ኖረን አንድ ቀን እንኳ እኛ ያላነጠፍነው አልጋ ላይ ብንተኛ ምናለበት አለች። ሳቅን። በሳምንቱ ግን ነገሩ የምር ሆነ፤ እንግዳ የሚቀንስበት ወር ሲመጣ ለጥቂት ቀን የሜዲትራኒያንን ባሕር አይተን እንመለስ ተባባልን። የትኛው ከተማ ይሁን ስትለኝ ሳላስበው የአንዱ ስም ከአፌ ወጣ።

ያን ስም ታውቀዋለህ። አባታችን የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲሠራ የመጨረሻዋን ፖስታ ካርድ የላከልን ከዚያ ነው። መርከቦች ተደርድረው፣ ከኋላቸው ትልቅ ሰዓት የተሰቀለበት ግንብ ቆሞ የሚታይባትን ካርድ ትዝ ትልህ ይሆናል። ጠፋች ተብሎ ቤቱ ተፈትሾ ነበር። የወሰድኳት እኔ ነኝ። ከአገር ስወጣ ከእማዬ የክር ሣጥን ውስጥ አንስቼ ሻንጣዬ ሥር ደበቅኳት፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ። ይቅር በለኝ።

ሬዲዮ ዕቅዱን በወረቀት ጽፋ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጎን ላይ ለጠፈችው። ሐሙስ መግባት፤ ዓርብ የድሮውን ወደብና የመብራቱን ማማ ማየት፤ ቅዳሜ ጠዋት የዓሣ ገበያና ጠባቦቹ መንገዶች፤ ከሰዓት ኮረብታው ላይ ያለው ምሽግ፤ እሑድ መመለስ። አለቃችንም ፈቃዱን ፈረመችልን። እኔ ግን ለማንም ሳልናገር እዚያ ከተማ ላለው የመርከበኞች ማኅበር የአባታችንን ስም ጠቅሼ ጻፍኩ። ሞቶ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ከማኅበሩ አንድ ሠራተኛ ደወለና በሕይወት አለ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ይኖራል፣ ከፈለገ ስልክሽን እሰጠዋለሁ አለኝ። ላንተ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። ያልከኝን መድገም አያስፈልገኝም። «እሱ ዘንድ ከሄድሽ ወንድም አለኝ አትበይ» ብለህ ዘጋህብኝ።

በዘጠነኛው ቀን እሱ ደወለ። ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ከማሽኖቹ ጩኸት ሸሽቼ ንጹሕ ፎጣ የሚደረደርበት ክፍል ገባሁ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነው። አማርኛው እየራቀው ቃል ይፈልጋል፤ ሲያጣው ያቆምና እንደገና ይጀምራል። መጀመሪያ ያለኝ «ድንቡሼ ነሽ?» ነው። ወንድሜ፣ ይህን ስም ካንተ በቀር የሚጠራኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንተ ያወጣህልኝ ይመስለኝ ነበር። ፎጣው ላይ ተቀመጥኩ።

ላባብለው አልፈለግሁም፤ ክፉ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ለምን ረሳኸን አልኩት። አላለቀሰም፣ ራሱንም አላጸደቀም። በሄደ በሁለተኛው ዓመት እዚያ ሌላ ሴት አግብቶ ልጅ እንደወለደ፣ ደብቆ መኖር አቅቶት ለእማዬ እንደጻፈላት፣ እሷም በአንዲት ወረቀት ሁለተኛ እንዳትመጣ ብላ እንደመለሰችለት ነገረኝ። «እሺ አልኩ» አለኝ። «እሺ ማለቴ ነው ጥፋቴ።» ከዚያ በኋላ ላንተ በስምህ አራት ዓመት ሙሉ እንደጻፈልህ፣ ደብዳቤዎቹም ሳይከፈቱ እየተመለሱ እንደመጡለት ተናገረ። ውሸት ነው አልኩት፤ ጮህኩበት። እሱ እስክጨርስ ሰማኝና በቢላው የቆረጥከው አውራ ጣትህ ድኖ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያንን ጠባሳ እኔ እንኳ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

በማግሥቱ ለባለቤትህ ደወልኩና እማዬን ለብቻዋ እንድታገናኘኝ ለመንኳት። ባለቤትህ ስልኩን ሰጥታት ወደ ጓሮ ወጣች፤ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ እሷን አትጠይቃት። እኔ አባታችን ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። እማዬም እንዲህ አለችኝ፦ «መልሼዋለሁ። አንዱንም አልከፈትኩትም።»

ፖስታ ቤት አብረሃት ስትሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ትጠብቃት እንደነበር፣ ስትወጣ ምንም የለም እንደምትልህ፣ አንተም ምንም ሳትል ዘምቢሏን ተቀብለሃት እንደምትሄዱ ሁሉን ነገረችኝ። በንዴት ነው የጀመረችው። ልጆቼን በወረቀት አያሳድግልኝም ብላ ነው። በኋላ ንዴቷ ሲበርድ ደግሞ ለመናገር ፈራች፤ አንተ ትምህርትህን ትተህ አናጢው ዘንድ ገብተህ ቤቱን መሸከም ስትጀምር ጭራሽ አፏ ተያዘ። አሥር ጊዜ ልነግረው ተነሥቼ ቁጭ ብያለሁ፣ አንቺ ጻፊለት አለችኝ። ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በእሷ ቃል ነው። ከእሷ ተደብቄ አይደለም።

አባታችን ንጹሕ ነው አላልኩህም። ሚስት ያለው ሰው ሌላ አግብቶ፣ አትምጣ ሲባል እሺ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔን ያሳደግኸኝ አንተ ነህ፤ የመጀመሪያውን ደብተር የገዛህልኝ አንተ፣ ጫማዬን የጠገንክልኝ አንተ። ይህን የሚቀይር ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። ግን አንተ ሠላሳ ዓመት የተቆጣኸው አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈልኝም ብለህ ነው፤ ያ ደግሞ እውነት አልነበረም። ይህን አውቄ ዝም ብልህ እኔም እዚያ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ምንም የለም እንዳልኩህ ነው።

ለሬዲዮም መንገር ግድ ሆነብኝ። ምክንያቱን ሳልነግራት ቅዳሜ ከሰዓትን ባዶ እናድርገው ብያት ነበር። ምሽጉን ለማየት ጓጉታ ስለነበር ከወንድ ጋር ልትቃጠሪ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝና ሁለት ቀን ዘጋችኝ። ሬዲዮ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ስትል ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሰው የሞተ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ከአንሶላው ክምር ኋላ ሁሉን ዘረገፍኩላት። ከዚያ እርሳሷን አውጥታ ምሽጉን ሰረዘችውና «ምሽጉ የትም አይሄድም» አለችኝ።

እንግዲህ የምንሄደው ኅዳር አሥራ አንድ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ወደቡ ላይ፣ ከሰዓቱ ግንብ ሥር እጠብቅሻለሁ ብሎኛል። ሬዲዮ ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቀኝ ተስማምተናል። ከተማውን ላስጎብኝሽ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ከተማውን ከጓደኛዬ ጋር ነው የማየው፤ ከአንተ ጋር የምቀመጠው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው አልኩት። እሺ አለ። ስንገናኝ ልጨብጠው፣ ልስመው፣ ወይስ ቆሜ ብቻ ልየው አላውቅም። ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው ካውያው እጄ ላይ እየተረሳ ሁለት የትራስ ልብስ አቃጥያለሁ።

መሄዴን አልተውም፤ ብትቆጣም እሄዳለሁ። ግን የምትልከው ቃል ካለህ ከዚያ በፊት ደውል ወይም ለባለቤትህ ነግረህ አስደውልልኝ። ስድብም ቢሆን ላከው፤ ሳላለሳልስ፣ ሳልቀንስ፣ እንዳልከው አደርስልሃለሁ። ምንም የለኝም ካልክም ምንም የለውም እለዋለሁ። አብረን መጥተን ቢሆን ኖሮ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ እሱን ግን አሁን አልጠይቅህም።

ባለቤትህን እህቴን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ ከእማዬ ጋር በስልክ ማገናኘቷን ስለደበቀችህ አትውቀሳት። ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን እንዴት እንዳለፈች ራሷ ትጻፍልኝ፤ ጽሑፏ ካንተ ይሻላል። ለትንሿ የባሕር ዛጎል አመጣላታለሁ፤ ከእህቷ ጋር እንዳትጣላ ሁለት አደርገዋለሁ። ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ሰላም በልልኝ።

ለእማዬ ሰላምታዬን እንድታደርስልኝ አላዝህም። የሹፌሩ ሚስት ይህን ፖስታ ስታስረክብህ እማዬ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀኑን ስትቆጥር ነው የሰነበተችው። አንተ ስታነብ እሷ አጠገብህ ቁጭ ብላ ቀሚሷን ስታፍተለትል ትታየኛለች። አንብበህ ስትጨርስ ውጣ፤ ደስ እስኪልህ ድረስ ተራመድ፤ ካስፈለገህ ጩኽ። ግን ሳይመሽ ተመለስና ከጎኗ ተቀመጥ። ይቅር በላት አላልኩህም። ብቻ ዝም አትበላት፤ ዝምታህን እኔ እችለዋለሁ፣ እሷ አትችለውም።

ታናሽ እህትህ

ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.