የግራ ዓይኔ ነገር
ናዝሬት፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.

ልጄ ነገሪ፣ የሞስኮ ብርድ ይራራልህ፤ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። እኔ እየነገርኳት እህትህ ቡዜ ትጽፋለች።

እንዳትደነግጥ እንጂ፣ ግራ ዓይኔን የግራር እሾህ ወግቶኝ ነበር። ጎረቤታችን አማረች አራስ ናትና የጡቷን ወተት አለበችበት። ይሻለኛል ብዬ አራት ቀን ተኛሁ፤ ዓይኔ ግን ከውስጥ አመረቀዘ። ቡዜ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ «እናቴ፣ ወተቱን ለሕፃኑ ይተዉለት!» ብሎ ተቆጣኝና መድኃኒቱን እዚያው ዓይኔ ውስጥ በመርፌ ሰጠኝ። «እንደ ድሮው ባይሆንም ያያል» አለኝ።

ትናንት ቡዜ ቀኙን ሸፍና ጣቶቿን አሳየችኝ። «ሦስት» ብላት አልቅሳ አቀፈችኝ። ይህንን አልጽፍም ብላ ነበር፤ አፍራ ነው።

ዕድሜ ይስጥህ። ፊትህ ጎላ ብሎ የወጣበት ፎቶ ላክልኝ፤ በግራው ልይህ።

እናትህ አሰለፈች